አንድሮይድ 15ን ደሴ ላይ ስምንት ወር ተጠቀምኩበት፤ የቀን መቁጠሪያዬ ግን አስለቀሰኝ

ስልኬን የገዛሁት ግንቦት 2015 ላይ ነው። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ስቶሬጅ፣ አንድሮይድ 13። የሠሪውን ስም ልተወው፤ አራዳ ላይ ከሚሸጡት መካከለኛ ስልኮች አንዱ ነው። ከተገዛ ገና ሦስት ወር ሳይሞላው፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ በክልላችን የሞባይል ዳታ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። አፕዴት የሚባል ነገር መኖሩን ያን ጊዜ ረሳሁት። ዳታው ከመጣም በኋላ «አዲስ አፕዴት አለ» የሚለውን መልእክት እንደ ዝንብ እሽ እያልኩ እስካለፈው ሐምሌ ድረስ ቆየሁ።

ያነቃኝ ሥራዬ ነው። የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለኝ። ሰው መታወቂያውን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የቤት ካርታውን ሳይቀር በቴሌግራም ይልክልኛል፤ እኔ አትማለሁ። አንድ ከሰዓት ሥራ ቀዝቅዞ ሴቲንግ ውስጥ ስዞር የሴኩሪቲ ፓቹ፣ ማለትም የደህንነት ጥገናው፣ ቀን እ.ኤ.አ. 2023 ላይ ቆሞ አየሁት። የስንት ሰው አደራ ይዤ በሬን ገርበብ አድርጌ ስተኛ እንደኖርኩ የገባኝ ያኔ ነው።

አፕዴቱ ሁለት ዙር ፈጀ፤ መጀመሪያ ወደ 14፣ ከዚያ ወደ 15። ሁለቱ ተደምረው ከ4 ጊጋ በላይ ስለሆኑ በጥቅል አልደፈርኩትም፤ የሱቁን ዋይፋይ ለቀቅኩበት። የመጀመሪያው ዙር 60 በመቶ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። በክረምት ይኼ ለደሴ ሰው ወሬ አይደለም፤ እኔ ግን ስልኬ ድንጋይ ሆኖ ቀረ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ፍርሃቴ በከንቱ ነበር። እንደ እኔ ያለው ስልክ ሲስተሙን ሁለት ቦታ ይይዛል፤ እኛ በአንዱ እየሠራን አዲሱ በሌላው ላይ ይጻፋል፣ ሪስታርት ሲደረግ ብቻ ቦታ ይለዋወጣሉ። አዲሱ መነሳት ካቃተው አሮጌው ተመልሶ ይነሳል። መብራቱ ማታ ሲመጣ ካቆመበት ቀጠለ።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ስልኩ እንደ ምጣድ ጋለ። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ከተማውን በዋጠበት ሰሞን ኪሴ ውስጥ ስይዘው ደስ አይልም አልልም፤ ባትሪው ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቅ ነበር። ሲስተሙ ሲቀየር ስልኩ የተጫኑትን አፖች ሁሉ ለአዲሱ ሲስተም እንደገና ያሰናዳል፤ ሙቀቱ ከዚያ ነው። በአራተኛው ቀን ረገበ፤ ዛሬ ከ13 ጊዜው ይሻላል ለማለትም ይከፋል ለማለትም አልችልም፤ ያው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «አፕዴቱ ባትሪዬን በላው» እያላችሁ የምትጮኹ ታገሡ።

አሁን ወደ ጥቅሙ። በስምንት ወር ውስጥ በየቀኑ የተጠቀምኩበት አንድ ነገር ቢኖር የፎቶ ፈቃዱ ነው። ድሮ አንድ አፕ «ፎቶዎችህን ልይ?» ሲል መልሱ አዎ ወይም አይ ነበር። አዎ ካልክ ጋለሪው በሙሉ ተከፈተ ማለት ነው፤ የእኔ ጋለሪ ውስጥ ደግሞ የልጄ ፎቶ ከማላውቀው ሰው መታወቂያ ጋር ጎን ለጎን ነው ያለው። ከ14 ጀምሮ ሦስተኛ ምርጫ መጣ፦ የተመረጡ ፎቶዎችን ብቻ መፍቀድ። አሁን አንድ የፎቶ ማስተካከያ አፕ ስከፍት የምሠራበትን ጉርድ ፎቶ ብቻ ነክቼ እሰጠዋለሁ፤ ሌላው መኖሩንም አያውቅ። በየጊዜው እንደገና መምረጡ ያሰለቻል፣ በተለይ ደንበኛ ተሰልፎ «ቶሎ በል ወንድሜ» ሲል። ቢሆንም አልቀይረውም። እኔ ጋ የመጣ መታወቂያ በየአፑ እንዳይዞር ይኼን ያህል ሰከንድ ማጥፋት ያንሰው ነበር።

ሁለተኛው ለእማዬ ሆነ። ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ስልኳም ከእኔው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለመውሊድ ስሄድ የእሷንም አፕዴት አደረግኩት። ከ14 ወዲህ ጽሑፍን እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይቻላል፤ ብልሃቱ ደግሞ ሁሉንም እኩል አለመንፋቱ ነው። ቀድሞውንም ትልቅ የሆነው ርእስ ትንሽ ብቻ ያድጋል፣ ትንሹ ጽሑፍ ግን እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ገጹ አይፈርስም። ለላቲን ፊደል ይኼ ምቾት ነው፤ ለእኛ ፊደል ግን ከዚያ በላይ ነው። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በአንዲት ቅንጣት መሆኗን አስቡት፤ ያቺ ቅንጣት በትንሽ ስክሪን ላይ ለ67 ዓመት ዓይን የለችም። እማዬ መልእክት ሲመጣላት ለጎረቤት ልጅ ነበር የምታስነብበው፤ የገንዘቧንም ወሬ ጭምር። ቡናው ቶና ላይ ደርሶ ስልኳን መልሼ ሰጠኋት። ራቅ አድርጋ ይዛ፣ ቀረብ አድርጋ፣ ከዚያ ቃል በቃል አነበበች፦ «ብር... ገቢ... ሆኗል።» ቀና ብላ፣ «አብሽር ልጄ፣ ዛሬ ገና ፊደሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ» አለችኝ።

እንከኑን አልሸሽግም። የምትጠቀምበት አንድ የክፍያ አፕ ይኼን መጠን ታሳቢ አድርጎ ስላልተሠራ «አረጋግጥ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ተገፍቶ ጠፋ። ወደ ታች ሲጎተት አይመጣም። ከ200 በመቶ ዝቅ አድርጌው ነው የታረቁት።

ሰው ሁሉ የሚያወራለትን «የግል ቦታ» በተመለከተ አጭር ነኝ። በ15 የመጣ ነው፤ የራሱ ቁልፍ ያለው ጓዳ ስልኩ ውስጥ ይከፈታል፣ አፖችን እዚያ መጫን ይቻላል፣ ሲቆለፍ ከእይታ ይጠፋሉ። ስልኬ በሱቅ ውስጥ ከእጅ እጅ ስለሚዞር የባንክ አፔን አስገባሁበት። ጓዳው ሲቆለፍ ግን ውስጡ ያሉት አፖች ሥራ ያቆማሉ፤ ኖቲፊኬሽንም አያሰሙም። ለባንኩ ችግር አልነበረውም፣ ኤስኤምኤሱ በራሱ ይመጣል። ቴሌግራሜን ያስገባሁ ቀን ግን ሦስት ደንበኞች «ፋይል ልከን ዝም አልከን» ብለው በስልክ ወቀሱኝ። በማግስቱ አወጣሁት።

ስልክ ከእጅ ተነጥቆ ሲሮጥ ስክሪኑን የሚቆልፈውንም አብርቼዋለሁ፤ ይኼኛው ለ15 ብቻ የመጣ አይደለም፣ ለቀደሙትም ተሰጥቷል። ፈተናውን አላህ አያምጣው። ፋይል ያለ ዳታ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ከስልክም ወደ ኮምፒውተር የሚያሻግረው ኩዊክ ሼርም ሸጋ ነው፤ ደንበኛው ግን ዜንደር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ እኔም ማስተማር ሰለቸኝ።

አፕን «ማኅደር ማስገባት» ላይ ግን ተምሬበታለሁ። ስቶሬጅ ሲጠብ አፑን ሳያጠፉ አካሉን ከስልኩ ማንሳት ነው፤ ምልክቱና ውስጡ የነበረው መረጃ ይቀራል፣ ሲነኩት ተመልሶ ይወርዳል። ለ64 ጊጋ ስልክ ተስማሚ ነው አልኩና ስምንት ዘጠኝ አፕ አስገባሁ። ከዚያ አንድ ሰኞ ለገበያ ባቲ ወርጄ የሒሳብ መያዣ አፔን ስነካ «በማውረድ ላይ» ብሎ ቀረ። ኔትወርክ የለም። የብድር ዝርዝሬ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው፤ ተበዳሪዬ ፊት ለፊቴ ቆሟል፣ እኔ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አድርጌ የምትዞረውን ክብ አያለሁ። «ሁለት ሺህ ናት መሰል» አለኝ እሱ። ሦስት ሺህ መሆኗን ማታ ደሴ ገብቼ አወቅኩ። መንገድ ላይ የሚፈለግ አፕ ማኅደር አይገባም።

ወደ ቀን መቁጠሪያዬ ልምጣ፤ ይኼን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው። 14 ላይ የክልል ምርጫዎች የሚል ገጽ ሲጨመር ተስፋ አድርጌ ነበር። ከፈትኩት፤ የሙቀት መለኪያ፣ የሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ የቁጥር ዓይነት። በእኔ ስልክ ላይ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የለበትም። ቋንቋውን አማርኛ ባደርገውም «ማርች» ነው የሚለኝ፤ አማርኛ ተናገረ እንጂ በአማርኛ አልቆጠረም። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ከጓደኛዬ በብሉቱዝ የወሰድኳት 3 ሜጋ የማትሞላ የባሕረ ሐሳብ አፕ ነበረችኝ፤ አጽዋማቱንም የሂጅራውንም ወር ታሳያለች። አፕዴቱን አልፋ በሰላም ደረሰች። ጥር ላይ ስቶሬጅ ሳጸዳ ግን እጄ ስቶ አጠፋኋት።

ዘንድሮ፣ እንደ አምናው ሁሉ፣ ዐቢይ ጾምና ረመዷን በአንድ ሳምንት ገቡ። ያን ሳምንት የእኔን ሱቅ ማየት ነበር፤ በአንዱ ወገን የኢፍጣር ሰዓት ሰሌዳ የሚያሳትም፣ በሌላው የአጽዋማት ካርድ የሚያሳትም፣ ሁለቱም በአንዱ ፕሪንተር ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ቀን ማመሳከር ፈልጌ አፗን ፍላሽ ላይ ካስቀመጥኩት ቅጂ ልጭናት ብል ስልኩ «አይስማማም» ብሎ መለሰኝ። ሁለቴ ሞከርኩ፤ እንቢ። ምክንያቱን ፈልጌ አገኘሁት። ከአንድሮይድ 6 በፊት አፕ ሲጫን ፈቃዱን በጅምላ ይወስድ ነበር፤ እንደ አሁኑ አንድ በአንድ አይጠይቅም። ተንኮለኞች ይኼን አውቀው አፓቸውን ሆን ብለው «አሮጌ ነኝ» ያስብሉታል። ስለዚህ 14 ከአንድሮይድ 6 በፊት ለነበረው የተሠራ አፕ አዲስ እንዳይጫን ከለከለ፣ 15 ደግሞ ወሰኑን ወደ 7 አሳደገው። ቀድሞ ተጭኖ የነበረ ግን አይነካም። ለዚያ ነው ያለፈችው፤ ለዚያ ነው ከወጣች በኋላ የማትገባው።

ክልከላው ትክክል ነው እላለሁ። የእኔዋ አፕ ንጹሕ ብትሆንም ከሌባው ጋር አንድ ልብስ ለብሳ ከመጣች ዘበኛው ምን ያድርግ? ቢሆንም አልተውኳትም። ሴቲንግ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን ሰባት ጊዜ ነካክቼ የገንቢዎችን ምርጫ ከፈትኩ፣ ስልኩን በገመድ ከሱቁ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁ፣ ክልከላውን የሚያሳልፈውን ትእዛዝ ጽፌ ጫንኳት። ከምታውቁት አፕ በቀር ይኼን አታድርጉ። መጀመሪያ ስከፍታት «ይህ አፕ ለአሮጌ አንድሮይድ የተሠራ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ወጣ፤ እሺ አልኩት።

ከትናንት ወዲያ ደግሞ የ16 አፕዴት መልእክት ደረሰኝ። ለጊዜው «በኋላ» ብየዋለሁ። ኢድም ፋሲካም ይለፉ፣ የአፗንም ቅጂ በሁለት ፍላሽ ላስቀምጥ፤ ከዚያ መብራት በማይጠፋበት አንድ ሌሊት እለቀዋለሁ።