ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ጥገና በኋላ የሚታሰረው የሆድ ቀበቶ፦ ለድሬዳዋ ሙቀት ይሆናል?

በከዚራም ሆነ በመጋላ ፋርማሲ ገብተው ባለ ላስቲኩን የሆድ ቀበቶ ሲጠይቁ ሻጩ «ሄርኒያ ይከላከላል» ካለ አይመኑት። ቀበቶው ሕመም ያቀላል፤ ሲያስሉና ከአልጋ ሲነሡ ሆድ ይደግፋል። ስፌቱ ሳስቶ አንጀት እንዳይወጣ (ሄርኒያ ማለት ይህ ነው) ግን ዋስትና አይደለም። ሕመም ለማቅለልና ሆድ ለመደገፍ ብቻ ከሆነ ይገዛል።

ልኩ የሱሪ ቁጥር አይደለም፤ ቆመው በእምብርት ላይ በሜትር ይለኩ። ክብደት ቶሎ ስለሚወርድ ልክዎ ወደ ላይኛው ጫፍ የሚቀርበትን ይምረጡ። «ከ90 እስከ 110 ሴንቲሜትር» የሚለው ቀበቶ 108 ለሆነ ሰው ይሰነብታል፤ 92 ለሆነው ግን ብዙም ሳይቆይ ይላላል። ሲታሰር ሁለት ጣት ማስገባት አለበት። ከጠበቀ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይገፋል፤ ጨጓራው ለተቆረጠ ሰው ደግሞ ቃሩ ያለዚያም ሊያስቸግረው ይችላል።

ትልቁ ጉድለቱ መጠቅለሉ ነው። ጨርቁን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ቋሚ ዘንግ የሌለው ሲቀመጡ ይታጠፍና ገመድ ሆኖ ጎድን ሥር ይገባል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት ላቡ ቆዳ ስለሚያቆስል ከሥሩ ስስ የጥጥ ካናቴራ ይልበሱ፤ ለመቀያየርም ሁለት ቀበቶ ይግዙ። ሲያጥቡት ማጣበቂያውን ይዝጉ፣ አለዚያ ክር ለቅሞ መያዝ ያቆማል። ጥላ ላይ ይስጡት፤ ፀሐዩ ላስቲኩን ይገድለዋል።

ሄርኒያው የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው። ሆድ በሰፊው ተከፍቶ ከተሠራ ስጋቱ ከፍ ይላል። በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ ሲሠራም 10 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ቀዳዳ ከቆዳ በታች ያለው ጠንካራ ሽፋን ካልተሰፋ በር ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ ስጋቱን የሚጨምሩት ቁስል ማመርቀዝ፣ ያልተስተካከለ ስኳር፣ ሲጋራና የፕሮቲን እጥረት ናቸው፤ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። እዚህ አገር ጫቱንም መቁጠር ግድ ነው፦ ሆድ ያደርቃል፣ ማማጡ ደግሞ ስፌቱን በየቀኑ ይወጥራል። በርጫው ላይ ሺሻ ከተጨመረ ሳሉም አለ። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከ5 ኪሎ በላይ እንዳይነሣ ሲባል ደግሞ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ መሆኑ አይዘንጋ።

ሲያስሉ በጠባሳው በኩል ብቅ ብሎ ሲተኙ የሚመለስ እብጠት ካለ ለሐኪም ይታይ። ጠንክሮ ካልተመለሰ፣ ካመመ ወይም ካስመለሰ ቀበቶውን ይፍቱ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።