ሦስት ሥር ያላት ጥርስ፦ በደሴ ስላለ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ

ድመት በካርቶን፣ ውሻ በገመድ ይዞ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ የሀረጎን ጠመዝማዛ መውጣት ቀላል ጉዞ አይደለም። ይህን ያደረግኩት መቻል የተባለው የሰባት ዓመት ውሻዬ ቀኝ ዓይኑ ሥር ስላበጠ ነበር። ድንጋይ የመታው መስሎኝ ለሳምንት ያህል በሞቀ ውሃ ሳጥበው ሰንብቻለሁ። ድመቷን ያመጣኋት ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ማኘክ በመጀመሯ ነው። ክሊኒኩ የግል ሲሆን፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠቅስም።

ወረፋው ረጅም ነው፤ በጎችና አህዮች ከያዙ ገበሬዎች ጋር አንድ ግቢ ውስጥ መጠበቅ ግድ ይላል። ሐኪሙ ግን ይህን ሁሉ የሚያስረሳ ሰው ነው። የውሻውን ዓይን አልነካም፤ አፉንም አላስከፈተም። የውሻውን የላይኛ ከንፈር በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገለጥ አድርጎ በስልኩ መብራት ወደ ጉንጩ ውስጥ አሳየኝ። የፊት ጥርሶቹ ንጹሕ ሆነው ሳለ፣ ከኋላ ያለችው ትልቋ የላይኛ ጥርስ በቢጫ ቅርፊት ተሸፍናለች፤ ጎኗም እንደ ሸክላ ተሰንጥቋል። ከጆሮ ሥር ካለው ዕጢ የሚመጣው ምራቅ የሚፈስሰው ከዚህችው ጥርስ ትይዩ ስለሆነ፣ በምራቁ ውስጥ ያለው ማዕድን የጥርሱን ቆሻሻ ቶሎ እንደሚያደነድነው አስረዳኝ። ይህች አራተኛዋ የላይኛ ቅድመ መንጋጋ ሦስት ሥር ያላት ሲሆን፣ ሥሮቿ ከዓይን በታች ስለሚያበቁ መግሉ መውጫ ሲያጣ ፊት ላይ ያብጣል። ከታችኛዋ የመጀመሪያ መንጋጋ ጋር እንደ መቀስ እየተላለፈች ሥጋ የምትቆርጠውም እሷ ናት፤ አጥንት ለመሰባበር ግን አልተሠራችም። ምን እንደበላ ሲጠይቀኝ፣ ከአረፋ የተረፈውን ቅልጥም በገዛ እጄ እንደሰጠሁት መናዘዝ ነበረብኝ።

ሐኪሙ የውሻው ጥርሶች ከላይ 20፣ ከታች 22፣ በድምሩ 42 መሆን እንዳለባቸው ነግሮኝ አንድ በአንድ ቆጠራቸው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች ሲኖሩት፣ በአራትና በሰባት ወር መካከል በቋሚዎቹ ይተካሉ። ድመት ደግሞ ስታድግ 30 ብቻ ነው ያላት። እንደ ውሻ የሚፈጭ ሰፊ መንጋጋ ስለሌላት ሥጋውን ቆራርጣ ትውጣለች።

የመቻል ጥርስ የተነቀለችው በማግሥቱ ባዶ ሆዱን በሰመመን ነው። ሥሮቿ በተለያየ አቅጣጫ ስለተዘረጉ በአንድ ጉተታ አትወጣም፤ ሦስት ቦታ ተከፋፍላ እያንዳንዱ ሥር ለየብቻው ተነቅሎ ድዱ ተሰፍቷል። ቁርጥራጮቹን በፋሻ ጠቅልለው ሲሰጡኝ፣ ከድዱ በላይ ይታየኝ የነበረው የጥርሷ ትንሹ ክፍል እንደነበር ገባኝ። እብጠቱም በቀናት ውስጥ ጠፋ።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ሐኪሙ ከመድረሱ በፊት ረዳቱ የውሻውን አፍ አስይዞ ያለ ሰመመን ቅርፊቱን በብረት መፋቅ ጀምሮ ነበር። እንዲህ ያለው ፍቀት የሚታየውን ብቻ ያነጻል፤ በሽታው ያለው ከድዱ በታች ነው፤ ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላውን የጥርስ ልባስም ይቧጭረዋል። ሐኪሙ ደርሶ ቢያስቆመውም ነገሩ ከመጀመሪያውም መፈጸም አልነበረበትም። ሁለተኛው፣ ክሊኒኩ የጥርስ ራጅ የለውም። ድመቷ ከታችኛው ክራንቻ ቀጥላ ባለችው ጥርስ ላይ ድዱ ቀልቶ ወጥቶባታል፤ ሐኪሙ ሲነካት መንገጭላዋ ተንቀጠቀጠ። ጥርሱ እየተበላ የሚሟሟበት፣ በድመቶች ላይ የተለመደ ሕመም ሳይሆን እንደማይቀር ነገረኝ፤ ሥሩ በራጅ ሳይታይ ግን አልነቅልም አለ። ገንዘቡን መቀበል እየቻለ እንዲህ ማለቱን አከብራለሁ፤ ይሁንና እንዲህ ያለውን ጉዳይ የት መውሰድ እንደምችል እንኳ ሳይጠቁመኝ ነው የሸኘኝ።

ለውሻ ጥርስ ዳግመኛ ወደዚያው እሄዳለሁ፤ ረዳቱ ብቻውን ካለ ግን ሐኪሙ እስኪመጣ ከግቢው ውጭ እጠብቃለሁ። ድመቷ እስከ አሁን የምትበላው በግራ በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ሥጋዋን አድቅቄ እሰጣታለሁ።