ለምጣድ ቦታ ያልተተወለት ኪችን ካቢኔት፦ የ14 ወር ተሞክሮዬ

በርበሬው ባይበላሽ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

እናቴ ከፍኖተ ሰላም የላከችልኝ ነው። ዛላውን ራሷ ለቅማ፣ ቀንጥሳ፣ ከነቅመማ ቅመሙ ደልዛ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ ያስፈጨችው የዓመት በርበሬ። ግማሹን ክዳን ባለው ዕቃ፣ ግማሹን በጨርቅ ከረጢት አድርጌ የላይኛው ካቢኔት ውስጥ አስቀመጥኩት። ከዚያ የተሻለ ደረቅ ቦታ በቤቱ የለም ብዬ ነበር። በገባን በስድስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ስከፍት ከረጢቱ ከሥሩ ርሷል፤ በርበሬው እንደ ጭቃ ተጣብቋል፤ ጥጉ ላይ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። ከረጢቱን አንስቼ የካቢኔቱን ወለል በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ወደ ውስጥ ገባ። ነጩ ልባስ ተልጦ፣ ውስጡ ያለው ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ወተት የነካው ዳቦ መስሏል። ጎንበስ ብዬ ከታች በኩል ሳየው ሰሌዳው ክብ ቅርጽ ይዞ አብጧል። ክቡ የምጣዴ ክብ ነው።

ቤታችን አዲስ አበባ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው። ማድ ቤቱን የተረከብነው ባዶ ግድግዳና አንድ ቧንቧ ሆኖ ነው፤ 2.20 በ3.10 ሜትር። ባለቤቴና እኔ ለካቢኔቱ ሁለት ዓመት ቆጥበናል። ሻጩ ሜትሩን ይዞ መጣ፣ ለካ፣ በኮምፒውተር ሥሎ አሳየን፦ ከመስኮቱ ጀምሮ ጥጉን ዞሮ እስከ በሩ የሚደርስ ካቢኔት፣ ከላይም ከታችም፣ በመካከል ግራናይት። «የሥራ ሦስት ማዕዘን» የሚሉትንም አስረዳን። ማቀዝቀዣው፣ የዕቃ ማጠቢያውና ምድጃው ተቀራርበው ሦስት ማዕዘን ከሠሩ ሴቲቱ አትደክምም አለን። ሥዕሉ ያምር ነበር። ፈረምን።

ሦስት ማዕዘኑ ሻጩ የፈጠረው አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1940ዎቹ በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤት ከተሠሩ ጥናቶች ጋር የሚያያዝ መመሪያ ነው፤ የሦስቱ ጎኖች ድምር ከ4 ሜትር እንዳያንስ፣ ከ8 ሜትር ገደማም እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኔን ለካሁት፤ 5 ሜትር ከ10 ነው። በዚያ መለኪያ ማድ ቤቴ እንከን የለውም። ወጥ ስሠራ እውነትም አልደክምም፤ ሽንኩርቱን ከትፌ ዞር ስል ድስቱ አጠገቤ ነው። መሳቢያዎቹ ያለ ድምፅ ይዘጋሉ፣ ግራናይቱም በእርድ አይበከልም። ስለዚህ ጉዳይ ሌላ የምለው የለኝም።

ግን የቤቴ ሥራ ግማሹ እዚያ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የለም።

«ምጣዱስ?» ብዬ ጠይቄዋለሁ። ይህን እንድታውቁልኝ እፈልጋለሁ። ሻጩ ፈገግ ብሎ «እህቴ፣ በዚህ ዘመን እንጀራ እቤቱ የሚጋግር ማን አለ? ከፈለግሽም ግራናይቱ ላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ ሙቀት አይጎዳውም» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። የሚያውቅ ሰው ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩት።

ወንድሜ፣ እኔ አለሁ። በዚህ ሕንፃ ላይ ብቻ በእሑድ ማለዳ ደረጃውን ብትወጣ የአብሲት ሽታ ከስንቱ በር እንደሚመጣ ትሰማ ነበር። እኛ አምስት ነን። በሳምንት ሁለት ጊዜ እጋግራለሁ፣ በአንድ ጊዜ 25 ያህል። በ14 ወር ወደ 3,000 እንጀራ ማለት ነው። የሚገዛው እንጀራ ለልጆቼ ሆድ አይስማማም፤ ጤፉን ራሴ መርጬ፣ እርሾውን ራሴ ጠብቄ የጋገርኩትን ነው የማበላቸው። ይህ የኋላ ቀርነት ጉዳይ ሆኖ እንዲታይብኝ አልፈቅድም።

አሁን ቁጥሩን ልንገራችሁ፤ ማንም ስላልነገረኝ። የካቢኔቱ ግራናይት ወደ ውስጥ 60 ሴንቲ ሜትር ነው። የምጣዴ ሸክላ ከነአቃፊው ከዳር እስከ ዳር 64 ነው። ግድግዳው ላይ ሶኬትና ገመድ አለ፤ ስለዚህ ምጣዱ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ሆዴ ወጥቶ ነው የሚቀመጠው። የካቢኔቱ ከፍታ 90 ነው፤ ምጣዱ ራሱ 24 ነው። ሊጡን የማፈስበት ቦታ ከወለሉ 114 ሴንቲ ሜትር ላይ ደረሰ ማለት ነው። ቁመቴ 1.58 ነው፤ ክንዴን ሳጥፍ ክርኔ 98 ላይ ነው። እንጀራ የጋገረ ሰው የዚህን ትርጉም ያውቃል። ሊጥ ከዳር ወደ መሐል እየዞረ የሚወርደው እጅ ከላይ ሆኖ ሲቆጣጠር ነው። እኔ ግን ትከሻዬን እስከ ጆሮዬ አንስቼ፣ የምጣዱን የሩቅ ዳር በእግር ጣቴ ቆሜ ነበር የማዳርሰው። የሩቁ ዳር ሁልጊዜ ይወፍርብኝ ነበር። በአሥረኛው እንጀራ ላይ ቀኝ ትከሻዬ ይቃጠላል።

እንፋሎቱ ደግሞ አለ። የላይኛው ካቢኔት ከግራናይቱ 55 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተሰቀለው፤ ምጣዱ 24ቱን ይወስዳል። አክንባሎውን ባነሳሁ ቁጥር የተጠራቀመው እንፋሎት ሁሉ ቀጥታ ወደ ሰሌዳው ይወጣል። በጋገርኩ ቀን 25 ጊዜ፣ በሳምንት 50 ጊዜ። በርበሬው እስኪበላሽ ድረስ ያ ሰሌዳ 1,300 ጊዜ ያህል በእንፋሎት ተቀቅሏል። ኤም ዲ ኤፍ የደቀቀ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ተጨምቆ የተሠራ ነው፤ ፊቱ በልባስ ቢሸፈንም በጠርዙና በብሎን ቀዳዳው በኩል እርጥበት ከገባበት ያብጣል፤ ያበጠው ደግሞ ቢደርቅም ወደ ነበረበት አይመለስም። ሻጩ ይህን ሳያውቅ ካቢኔት ይሸጣል ብዬ አላምንም።

ደወልኩለት። ዋስትናው እርጥበትን አይጨምርም አለኝ። ማድ ቤት ውስጥ እርጥበት ከሌለ የት ሊኖር ነው? መኝታ ቤት ነው እንዴ የሸጥክልኝ?

የመብራቱ ነገር አጭር ነው። ምጣዴ 3,500 ዋት ነው፤ በ220 ቮልት ወደ 16 አምፔር ይስባል። ለአንድ ሶኬት ያ የመጨረሻው ልክ ነው። ሶኬቱ ከምድጃው ጋር በአንድ መስመር ላይ ስለነበር አብሲት ጥጄ ምጣዱን ካበራሁ ብሬከሩ ይወርዳል፤ ቤቱ ይጨልማል፤ ያሰፋሁት እንጀራ ምጣዱ ላይ ይቀራል። ካቢኔቱ ከመገጠሙ በፊት ለምጣዱ የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር ቢዘረጋለት የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ከተገጠመ በኋላ ግን ሁለት ካቢኔት ማውረድ ጠየቀን።

ከተናደድኩ በኋላ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ዛሬ የምናየው ተገጣጣሚ ማድ ቤት አባት አለው ከተባለ፣ እናት ናት ያለችው፤ ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1926 ጀርመን ፍራንክፈርት ውስጥ ለሠራተኞች መኖሪያ የነደፈችው ማድ ቤት 1.90 በ3.40 ሜትር ገደማ ነበር፤ ከእኔ ጋር የሚቀራረብ ጠባብ ክፍል። ወደ 10,000 በሚጠጉ ቤቶች ውስጥ ተገጥሟል። የባቡር ምግብ ቤቶችን ማብሰያ ክፍል አጥንታለች፤ ሥራው የሚወስደውን ጊዜና እርምጃ ለክታለች፤ ለዱቄቱና ለሩዙ ስማቸው የተጻፈባቸው መሳቢያዎች አድርጋለች። ይህን ሳነብ ንዴቴ መልክ ለወጠ። ያቺ ሴት የፍራንክፈርት ሴት ምን እንደምታበስል ጠይቃ ነው የሠራችው። የእኔን ሻጭ ማን ከለከለው? ለሩዝ መሳቢያ የታሰበለት ማድ ቤት ተገልብጦ ለእኔ ሲመጣ፣ የሊጥ ባልዲው፣ ሰፌዱ፣ አክንባሎው፣ የጤፍ ዱቄቱ ማስቀመጫ የት እንደሚያርፍ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። ስለ ውሃ በርሜሉም አልጠየቀም። ውሃ በሰፈራችን በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በርሜሉ አሁን በሩ ሥር ቆሞ የማቀዝቀዣውን በር ግማሽ ድረስ ብቻ ነው የሚያስከፍተው።

ቆይቶ የገባኝ ሌላም ነገር አለ። ካቢኔት በሜትር ነው የሚሸጠው። ለምጣድ የሚተው 90 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ለሻጩ የማይከፈልበት 90 ሴንቲ ሜትር ነው። ለበርሜል የሚተውም እንዲሁ። ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ እንዲሞላው የሚያደርገው የእኔ ድካም አሳስቦት አይደለም። ወንድሜ፣ ይህን በክፋት አልልህም፤ ግን ባዶ ቦታ አስፈላጊ መሆኑን ልትነግረኝ ይገባህ ነበር፤ እኔም ለዚያ ምክር ደስ ብሎኝ እከፍልህ ነበር።

እናቴ ለፋሲካ መጣች። ስለ በርበሬው አልነገርኳትም፤ ራሷ ካቢኔቱን ከፍታ አየችው። ምንም አልተናገረችም። በማግስቱ ልትጋግር ተነሣች። ከእኔ ታጥራለች። አንድ እንጀራ አሰፋች፣ ሁለተኛውን ጀመረች፤ ማስፊያውን አስቀምጣ ቀኝ እጇን በግራዋ ደግፋ ቆመች። «ልጄ፣ ይህ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት መሆኑን ለሠሪው አልነገራችሁትም?» አለችኝ። በእሷ ማድ ቤት ምጣዱ ጉልቻው ላይ ነው፣ እሷ ዱካ ላይ ናት፣ ሰፌዱ በስተግራ፣ ሊጡ በስተቀኝ፣ ማሰሻው በጉልበቷ አጠገብ። ሳትነሣ 40 እንጀራ ታወጣለች። ጭሱ ዓይኗን ጎድቶታል፤ ወደዚያ እንመለስ አልልም። የዕቃው አቀማመጥ ግን ከእኔ ውድ ካቢኔት የተሻለ ነው፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

በአሥረኛው ወር አናጺ ጠራን። በመስኮቱ በኩል ያለውን 90 ሴንቲ ሜትር የታችኛ ካቢኔት አወጣን፣ ግራናይቱን አስቆረጥን፣ ከላዩ ያለውን ያበጠ ካቢኔት አወረድን። በብረት ቤት 55 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ጠንካራ መቆሚያ አሠራን፤ ከምጣዱ ጋር 79 ይሆናል። አሁን እጄ ከምጣዱ በላይ ነው። አክንባሎው ግድግዳው ላይ በተመታ ማንጠልጠያ ላይ ያርፋል፤ ሰፌዱ በስተግራ በተገጠመች ጠባብ ጣውላ ላይ፤ የሊጥ ባልዲው መቆሚያው ሥር ይገባል። እንፋሎቱ በመስኮት ይወጣል። ከተስተካከለ ወዲህ የሩቁ ዳር ወፍሮብኝ አያውቅም።

ግራናይቱ ሲቆረጥ ግን ተሰነጠቀ። ከቆረጡበት ጫፍ ተነሥቶ እስከ ዕቃ ማጠቢያው የሚደርስ ቀጭን መስመር አለ፤ በሲሊኮን ሞልተውታል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲገባ ይታያል። ባየሁት ቁጥር የሁለት ዓመት ቁጠባችንን አስባለሁ። ስለዚህ ይህን ካቢኔት እንደገና ትገዢዋለሽ ወይ ብትሉኝ፣ አልገዛውም። ከዚያው ሻጭ ከሆነ በግማሽ ዋጋም አልገዛውም። ሥዕሉን ሲያሳየኝ ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል።

አዲስ ቤት ለምትገቡ የምለው አንድ ነገር ነው። ሻጩን ከመጥራታችሁ በፊት ምጣዳችሁን አምጡና ባዶው ወለል ላይ አስቀምጡት። በርሜሉን አቁሙት። ባልዲውን፣ ሰፌዱን፣ የዱቄቱን ማስቀመጫ ሁሉ ዘርጉ። የማቀዝቀዣው በር የሚከፈትበትን ድረስ በጠመኔ አስምሩ። ክርናችሁን አስለኩ፤ የምትጋግሩት እናንተ ብቻ ካልሆናችሁ የሌላዋንም አስለኩ። የምጣዱን ሰማይ ባዶ ተዉት። የቀረው ግድግዳ ነው የካቢኔቱ።

ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንዲት ጎረቤቴ በዚህ ሳምንት ቁልፏን ተረክባለች። ያበጠውን ሰሌዳ አልጣልኩትም ነበር፤ ይዤላት ወጣሁ፤ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ አየችው። ከዚያ ምጣዷን ከነበረችበት ኪራይ ቤት አስመጣን፤ ለሁለት ተሸክመን መስኮቱ ሥር አስቀመጥነው፤ ዙሪያውን በጠመኔ ከበብነው። ሻጩ ነገ ሜትሩን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።