ሰሃን መሰሉ የሃሚንግበርድ ፊደር፣ ከአፕሪል እስከ ኦክቶበር ከተጠቀምኩበት በኋላ

ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ጓሮ ወይ በረንዳ ላላችሁ ሁሉ ይሄን ዓይነት ፊደር (ሃሚንግበርድ ለምትባለው አበባ ቀሳሚ ትንሽዬ ወፍ ስኳር ውሃ የሚሰጥበት ተንጠልጣይ ዕቃ) ግዙ እላለሁ፣ የምለውም ስለሚያምር ሳይሆን ለማጠብ ስለሚቀል ነው። በፊት የነበረኝ ጠርሙሱ ተዘቅዝቆ የሚሰቀለው ነበር፣ እሱ ከሩቅ ሲያዩት ደስ ይላል ግን ጸሐይ ሲመታው ውስጡ ያለው አየር ይሞቅና ስኳር ውሃውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ያንጠባጥባል፣ ከዛማ ጉንዳኑም ንቡም ተርቡም ይሰለፋል።

የአሁኑ ዝርግ ነው፣ ከላይ ቀይ ክዳን አለው፣ ክዳኑ ላይ ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ዙሪያውን ደግሞ ወፏ የምታርፍበት። ስኳር ውሃው ከቀዳዳው ዝቅ ብሎ ስለሚቀመጥ ንቦቹ አይደርሱበትም፣ ሃሚንግበርድ ግን ምላሷ ረጅም ስለሆነ ይደርሳል። መሃሉ ላይ ውሃ የሚሞላበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ በመስቀያው ሽቦ የሚወርደው ጉንዳን እዛ ላይ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። በጣም ነው የሚሠራው፣ ግን በጁላይ ሙቀት ውሃው ቶሎ ስለሚደርቅ ጠዋት ጠዋት እዩት።

ምግቡ 1 ሲኒ ነጭ ስኳር በ4 ሲኒ ውሃ ነው፣ በቃ። ቀይ ቀለም አያስፈልግም፣ ክዳኑ ቀይ ከሆነ ይበቃል። ማር ግን እንዳትሰጧቸው! እኛ ማር መድኃኒት ነው እየተባልን ስላደግን እጃችን ወደሱ ይሄዳል፣ ግን ማር በውሃ ሲበጠበጥ ቶሎ ይቦካል (ጠጅ ሲጣል ያየ ሰው ይሄ አይጠፋውም) ሻጋታም ያበቅላል፣ ለወፏ በሽታ ነው። ሙቀት ሲበረታ ቢበዛ በ2 ቀን መቀየር፣ ቀዝቀዝ ሲል እስከ 4 ቀን ይቆያል፣ ደፈረስ ካለ ግን ቀን ሳትቆጥሩ ድፉት። እዚህ ላይ ነው ፊደሩን የወደድኩት፣ ክዳኑ ተነቅሎ ይወጣል፣ እጅ ሙሉ በሙሉ ይገባል፣ ቀዳዳዎቹን በትንሽ ብሩሽ፣ ትንሽ ኮምጣጤና ሙቅ ውሃ፣ አለቀ። ለመታጠብ የሚያስቸግር ፊደር ሳይታጠብ ይከርማል፣ የሚጎዳው ደግሞ ወፏን ነው።

እኛ ጋ የምትመጣው ሩቢ ትሮትድ የሚሏት ናት፣ ክብደቷ 3 ግራም አካባቢ፣ ብዙዎቹ በስደት ጊዜ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ሳያርፉ ይሻገሩታል፣ ሳስበው አሁንም ይገርመኛል። ወንዱ አንገቱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ይመስላል፣ ትንሽ ዞር ሲል ብርሃን ያገኘውና እንደ ፍም ቦግ ይላል። ጠጥታ ቀና ስትል ደግሞ ምላሷን አውጥታ ትመልሳታለች፣ እንደዛ የቀጠነ ነገር አይቼ አላውቅም። እናቴ ለጥየቃ መጥታ አይታ "ይቺማ አገር ቤት አበባ ላይ የምናያት ናት" አለች፣ መልካቸው ይቀራረባል ግን ዘመድ አይደሉም፣ ሃሚንግበርድ ያለው አሜሪካ አህጉራት ላይ ብቻ ነው፣ የኛዎቹ ሰንበርድ የሚባሉት ናቸው፣ አንዷ እንደውም በተከዜ ወንዝ ነው ስሟ የወጣው። የኛዎቹ አብዛኛውን ጊዜ አበባው ላይ አርፈው ነው የሚቀስሙት።

ችግር የለውም አልልም። ክዳኑ በጸሐይ ቀለሙ ለቋል፣ ንፋስ የቀላቀለ ዝናብ ሲመጣ ይወዛወዝና ግማሹ ይደፋል። ሌላው የፊደሩ ጥፋት አይደለም፣ አንድ ወንድ ሃሚንግበርድ ተቆጣጥሮት ሌላ አላስጠጋ ሲል ሁለተኛ ገዝቼ ከቤቱ ጀርባ ሰቀልኩ፣ እርስ በርስ እንዳይተያይ። ፀረ ተባይም ጓሮ ውስጥ አትርጩ በእናታችሁ፣ ጫጩቶቹን የሚያሳድጉት በትናንሽ ነፍሳት ነው።

ሴፕቴምበር ላይ "ፊደሩን ካላወረድሽው ወፎቹ ሳይሄዱ ይቀራሉ" ያሉኝ ነበሩ፣ እውነት አይደለም፣ የሚሄዱት የቀኑን ማጠር አይተው ነው፣ ከሰሜን የሚያልፉትም በመንገዳቸው ይጠጡበታል። የመጨረሻዋን ካየሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል ትቼው ነው ያወረድኩት። በሚመጣው ዓመት አፕሪል መጀመሪያ ላይ እሰቅለዋለሁ፣ ወንዶቹ ቀድመው ስለሚደርሱ።