አዲሱ መኪናችሁ ሲታጠፍ «ጠቅ ጠቅ» ካለ «ሲነዳ ይለማመዳል» የሚለውን መልስ አትቀበሉ

ይህን የምጽፈው አዲስ ወይም ጥቂት የተነዳ የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ላላችሁ፣ እንዲሁም ከገዛችሁ በኋላ መሪውን አጥፋችሁ ስትነሡ ከፊት ጎማ አካባቢ «ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ እየሰማችሁ ነገሩን ዛሬ ነገ እያላችሁ ለምታቆዩት ሰዎች ነው። እኔ አቆይቼዋለሁ። በዚህም ምክንያት የዋስትናው ዓመት ሳልጠቀምበት አልፎ፣ በሻጩ ወጪ ሊቀየር ይገባው የነበረውን ዕቃ ከራሴ ኪስ ከፍዬ አስቀይሬያለሁ።

መኪናውን የገዛሁት በጥር 2017 ዓ.ም. ከአንድ አስመጪ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ገበያ የሚቀርቡት አዳዲስ የቤት መኪኖች በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ሲሆኑ፣ ከእነዚህም ውስጥ ጥቂት የማይባሉት ከአምራቹ ጋር የውክልና ውል በሌላቸው ነጋዴዎች አማካይነት ከቻይና የሚገቡ ናቸው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን አምራቹ ለቻይና ገበያ ብሎ ለሠራው መኪና የሚሰጠው የፋብሪካ ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ አገር ውጭ አይሠራም፤ ስለዚህ ሻጩ «ዋስትና አለው» ሲል የሚሰጠው የራሱን ቃል እንጂ የፋብሪካውን ቃል አለመሆኑን ገዢው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እኔ ይህን ሳልጠይቅ «የአንድ ዓመት ወይም የ20,000 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዋስትና» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ተቀብዬ ፈረምኩ። ከወረቀቱ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ዋስትናው «በአጠቃቀም የሚያልቁ ዕቃዎችን አይመለከትም» ተብሎ ተጽፏል፤ የትኞቹ ዕቃዎች እንደሆኑ ግን አልተዘረዘረም። ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ምን ያህል እንደምትጎዳኝ በዚያን ቀን አልገባኝም ነበር።

ድምፁ የጀመረው በመጋቢት፣ መኪናው ገና 2,300 ኪሎ ሜትር ሲነዳ ነው። ከግቢያችን ወጥቼ ጠባቡን መታጠፊያ ወደ ግራ ስይዝ ከቀኝ ጎማ በኩል ይሰማል፤ መሪው ቀጥ ሲል ይጠፋል፤ ፍጥነት ስጨምር ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። በሳምንቱ ወደ አስመጪው ጋራዥ ወሰድኩት። ኃላፊው በጣም ትሑት ሰው ነበሩ፤ «እህቴ፣ መኪናው እኮ አዲስ ነው፤ ዕቃው ገና አልተለማመደም፤ ትንሽ ሲነዳ ይጠፋል» ብለው ሸኙኝ። በግንቦት እንደገና ስሄድ ጎማውን ፈትተው ግሪስ ጨመሩለት፤ ድምፁም ለሦስት ሳምንት ያህል ጠፋ፤ ከዚያ ተመለሰ። በሐምሌ፣ በመስከረምና በታኅሣሥም የሆነው ይኸው ነው፦ ግሪስ ይጨመራል፣ ድምፁ ለጥቂት ሳምንታት ይጠፋል፣ ይመለሳል። በእነዚህ አምስት ጉዞዎች ሁሉ አንድም ጊዜ የጻፉልኝ ወረቀት አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም፤ ገንዘብ ስላላስከፈሉኝ እንዲያውም አመስግኜ እወጣ ነበር። በጥር 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ለስድስተኛ ጊዜ ስሄድ የጠበቀኝ መልስ ግን ዋስትናው ጊዜው ማለፉን፣ ቢኖርም ኖሮ ዕቃው በአጠቃቀም ከሚያልቁት እንደሚመደብ የሚገልጽ ነበር። የቀድሞዎቹን አምስት ጉብኝቶች ሳነሣባቸው፣ «በመዝገባችን ላይ የሚታየው እርስዎ አንድ ጊዜ ለጠቅላላ ምርመራ መምጣትዎ ብቻ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጎተራ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። መኪናውን አንሥተው የቀኙን ጎማ እንደፈቱ ነገሩን በጣታቸው አሳዩኝ። ከሞተሩ ወደ ጎማው ኃይል የሚያስተላልፈው ዘንግ ከጎማው በኩል ባለው ጫፉ ላይ ሲቪ ጆይንት የሚባል መገጣጠሚያ አለው፤ በውስጡም አብዛኛውን ጊዜ ስድስት የብረት ኳሶች በተቦረቦረ ቦይ ላይ እየተንሸራተቱ ጎማው ታጥፎም ቢሆን እንዲሽከረከር ያደርጋሉ። ይህ ክፍል በግሪስ ተሞልቶ በእጥፋት በተሠራ ጎማ ይሸፈናል፤ ሽፋኑንም ከሁለቱም ጫፍ የሚያጠብቀው ቀለበት አለ። በእኔ መኪና ላይ አንደኛው ቀለበት ላልቷል። ግሪሱ በዚያ በኩል እየተረጨ ወጥቷል፣ በምትኩም አቧራ ገብቷል፤ አቧራ የተቀላቀለበት ግሪስ ደግሞ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ኳሱ የሚንሸራተትበት ቦይ አንዴ ከተበላ በኋላ፣ ጎማው ታጥፎ ኃይል ሲያርፍበት ኳሱ በተበላው ቦታ ላይ ይዘላል፤ «ጠቅ» የሚለውም ያ ነው። አዲስ ግሪስ ሲጨመር ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚሞላው ድምፁ ይታፈናል፤ ቦዩ ግን መበላቱን አያቆምም። በመጋቢት ቀለበቱ ጠብቆና ውስጡ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጉዳዩ በጥቂት ብር ያልቅ ነበር። በጥር ግን ሙሉ ሲቪ ጆይንቱ መቀየር ነበረበት፤ ዕቃውም እዚህ ስላልተገኘ ከዱባይ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ያለ መኪና ቆየሁ።

ሲታጠፍ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ ከዚህ ክፍል የሚመጣ አይደለም፤ ይህን መለየት መቻል ከጋራዥ ሰዎች ጋር ስትነጋገሩ ብዙ ይጠቅማችኋል። መኪናው ቆሞ መሪውን ብቻ ስታዞሩ «ጠቅ» ወይም «ድንግ» የሚል ከሆነ፣ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ከሾክ አብሶርበሩ (የመንገዱን ንዝረት ከሚያረግበው ክፍል) አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ፣ ማለትም መሪው ሲዞር አብሮ የሚዞረው ማሽከርከሪያ ነው። ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ስትነሡ አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» ብሎ ዝም የሚል ከሆነ ደግሞ፣ ዘንጉ ከጎማው ማዕከል ጋር የሚገናኝበት ጥርስ ወይም የሚያስረው ትልቁ ብሎን ሊሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ድምፅ በኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ጎልቶ ሊሰማ ይችላል፤ ሞተሩ ገና ከመነሻው ከፍተኛ ጉልበት ስለሚሰጥና እግር ከፔዳል ሲነሣ ባትሪውን ለመሙላት ጎማውን በተቃራኒው ስለሚይዝ፣ ዘንጉ በየጊዜው ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይጠመዘዛል። ብሎኑን ማጥበቅ ብቻም ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ተፈትቶ፣ ጸድቶ፣ አምራቹ ባዘዘው ልክ በአዲስ ብሎን መታሰር አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ቸል ሊባል የማይገባው ቴስቲናው፣ ማለትም የፊት ጎማውን ከሚይዙት ክንዶች ጋር የሚያገናኘው ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ነው፤ በጉድጓድ ላይ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁና መሪውም ከላላባችሁ ቴስቲናው ሳይታይ ሌላ ቀን አትንዱ፤ የታችኛው ቴስቲና ከወለቀ ጎማው በመንገድ ላይ ሊገነጠል ይችላልና።

በአስመጪው ጋራዥ ወረፋ ስጠብቅ ይኸንኑ ሞዴል ከዚያው አስመጪ የገዙ ሦስት ሰዎች ተመሳሳይ ድምፅ ይዘው መምጣታቸውን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ፤ ለሁላችንም የተሰጠው መልስ «ይለማመዳል» የሚል ነው። አንድ አዲስ የብረት መገጣጠሚያ እየተነዳ በሄደ ቁጥር ድምፁን አይተውም፤ ድምፅ ያለው ከሆነ እየባሰበት ይሄዳል። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ይህን አያውቅም ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

ሕጉን በተመለከተ፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተገዛ ዕቃ ጉድለት ከተገኘበት ሸማቹ በተገዛ በ15 ቀናት ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ይህ አጭር ጊዜ በመሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መኪናውን በጥንቃቄ መንዳትና እያንዳንዱን መታጠፊያ ማዳመጥ ይገባል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ሻጩ ለተሰወረ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ ሆኖም ገዢው ዕቃውን እንደተረከበ እንዲመረምርና ጉድለቱን ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። የእኔ ጉዳይ የተሰበረው እዚህ ላይ ነው፦ አስታውቄያለሁ፣ ነገር ግን በቃል ነበር።

ስለዚህ ወደ ጋራዥ በሄዳችሁ ቁጥር ቀኑ፣ የተነዳው ኪሎ ሜትር፣ የሻንሲ ቁጥሩ፣ «ወደ ግራ ሲታጠፍ ከቀኝ ጎማ ድምፅ ያሰማል» የሚለው አቤቱታችሁና የተሠራው ሥራ ተጽፎ፣ ማኅተም አርፎበት ይሰጣችሁ። እንቢ ካሉ እናንተው በሁለት ኮፒ ጽፋችሁ አንዱን አስፈርሙ፤ ያም ካልሆነ በዚያው ዕለት በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ላኩላቸው፣ ቀኑ ተመዝግቦ ይቀራልና። ድምፁንም በስልካችሁ ቅረጹት፤ ጎማው አጠገብ አንድ ሰው ቆሞ፣ መኪናው በዝግታ በክብ ሲዞር፣ መቁጠሪያው ላይ ያለው ኪሎ ሜትር በቅድሚያ ቢታይ ይመረጣል።

ገና ያልገዛችሁ ደግሞ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት በሰፊ ባዶ ቦታ ላይ መሪውን እስከ ዳር አጥፋችሁ፣ መስኮቱን ከፍታችሁ፣ ሬዲዮኑን ዘግታችሁ ወደ ቀኝም ወደ ግራም፣ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አዙሩት። ከዚያም ጎማው ወደ ውጭ ታጥፎ ሳለ ከኋላው የእጅ ባትሪ አብርታችሁ የሲቪ ጆይንቱን ሽፋን እዩ፤ በጎማው ውስጠኛ ገጽ ላይ የተረጨ ግሪስ ካለ ያ መኪና ለእናንተ አይሆንም። «በአጠቃቀም የሚያልቁ ዕቃዎች» የሚለው ሐረግ በዋስትናው ላይ ካለ፣ ዕቃዎቹ በስም ካልተዘረዘሩ አትፈርሙ፤ ሲቪ ጆይንት፣ ኩሽኔታና ቴስቲና በዋስትናው ውስጥ መሆናቸው ይጻፍ። የፍሬን ሸራና የመስታወት መጥረጊያ ያልቃሉ ቢባል ማንም አይከራከርም፤ በ2,300 ኪሎ ሜትር የሚያልቅ ሲቪ ጆይንት ግን የለም።

የወለቀውን ሲቪ ጆይንት ከላላው ቀለበት ጋር በከረጢት ጠቅልዬ፣ መካኒኩ በፊርማቸው ያረጋገጡትን የምርመራ ጽሑፍ አያይዤ አቤቱታዬን ለንግድ ቢሮ አስገብቻለሁ። በወረፋው ላይ ካገኘኋቸው ሦስት ሰዎች የሁለቱ ዋስትና የሚያበቃው በመጋቢት ነው፤ ትናንት ደውዬላቸው ሁለቱም የጽሑፍ ማስታወቂያቸውን በዚህ ሳምንት ለማስገባት ተስማምተዋል። የእናንተም ቀን ገና ካላለፈ፣ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ የሚያበቃበትን ዕለት ዛሬ ተመልከቱ።