የዌይበርን የካርቦን ማከማቻ፦ አለቱ አስተማማኝ፣ አሮጌዎቹ ጉድጓዶች አስጊ

በካናዳ ሳስካችዋን ግዛት የሚገኘው የዌይበርን የነዳጅ መስክ ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ከአሜሪካዋ ኖርዝ ዳኮታ ግዛት 320 ኪሎ ሜትር ያህል በቧንቧ የሚመጣለትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ 1,450 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ወዳለው አለት እየረጨ የቀረውን ነዳጅ ያወጣል፤ ጋዙንም እዚያው ያከማቻል። እንደ ማከማቻ ስመዝነው ጠንካራ ጎኑ ነዳጁን ለረጅም ዘመን አፍኖ የያዘው ጥቅጥቅ ያለ የላይኛው አለት ነው።

የሚያሳስበኝ ይህንን አለት በስተው ያለፉት፣ አንዳንዶቹ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተቆፈሩ በርካታ ጉድጓዶች ናቸው። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ስለሚፈጥር የብረት ቱቦውን ሊያዝግ፣ በቱቦውና በአለቱ መካከል የተሞላውን ሲሚንቶም ሊሸረሽር ይችላል፤ በዚያ መካከል የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ እንኳ፣ እስከ ላይ ከዘለቀ፣ ለጋዙ መውጫ ይሆናል።

በ2011 ጋዝ በአንድ እርሻ ላይ እየወጣ ነው የሚል አቤቱታ ሲቀርብ፣ መርማሪዎች የአፈሩን ጋዞች ጥምርታና ራዲዮካርቦኑን (የካርቦኑን ዕድሜ የሚጠቁመውን ጨረራማ የካርቦን ዓይነት) መርምረው ምንጩ ተፈጥሯዊ የአፈር ሂደት እንጂ ማከማቻው እንዳልሆነ ደምድመዋል። ምርመራው ያስመሰግናል፤ ሆኖም ነዳጁ ካለቀ በኋላ የታሸጉትን ጉድጓዶች ማን፣ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ እንደሚከታተል በግልጽ እስካልተወሰነ ድረስ ሙሉ ነጥብ አልሰጠውም።