የኮርሳ ብስክሌቴን ባለ 24 ሽቦ ጎማ ጥዬ ባለ 32 ካስገጠምኩ 10 ወር

ከሱሉልታ ስመለስ ከኋላዬ «ጥንግ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ፔዳል እንኳ ሳልመታ የኋላ ጎማዬ እየተወላገደ ፍሬኑን መነካካት ጀመረ። ፍሬኑን አላልቼ ሞከርኩ፣ አልሆነም። ኮርሳዬን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ ለእሷም ለእኔም ሒሳብ ከፍዬ ገባሁ።

የተበጠሰው አንድ ሽቦ ብቻ ነው። ግን ከኮርሳዋ ጋር አብሮ የመጣው ጎማ ከኋላ 24፣ ከፊት 20 ሽቦ ነው ያለው፤ አንዱ ሲሄድ ሸክሙን የሚጋሩት ጎረቤቶች ጥቂት ስለሆኑ ቸርኬው ወዲያው ይጣመማል። የባሰው ደግሞ ሽቦው ጠፍጣፋ፣ አንገቱም ያልታጠፈ ዓይነት መሆኑ። ፒያሳ ፈለግኩ፣ መርካቶ ፈለግኩ። አንዱ ባለሱቅ አገላብጦ አይቶት «ይሄ የጃንጥላ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ስለዚህ አዲስ ጎማ ስመርጥ መጀመሪያ ያየሁት ክብደቱን ሳይሆን ሲበላሽ እዚሁ የሚጠገን መሆኑን ነው። የካርቦን ቸርኬ አላማረኝም አልልም። ጓደኛዬ ጥልቀቱ 50 ሚሊ ሜትር የሆነው አለው፣ ሜዳ ላይ ማን ይደርስበታል! የእኔዋ ግን ዲስክ ፍሬን የላትም፤ ፍሬኗ ቸርኬውን ራሱን ነው የሚነክሰው። ካርቦን ደግሞ ረጅም ቁልቁለት ላይ ሙቀቱን እንደ አሉሚኒየም ቶሎ አይለቅም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው የምለው ይገባዋል።

የወሰድኩት ሺማኖ 105 አር7000 ሞዞ (ሽቦዎቹ የሚነሱበት የጎማው እምብርት)፣ ዲቲ ስዊስ አር460 ቸርኬ፣ ከፊትም ከኋላም 32 ቀዳዳ፣ ክብና አንገቱ የታጠፈ ተራ ሽቦ። እህቴ ከጀርመን ስትመጣ ሞዞው ሻንጣዋ ውስጥ ገባ፤ ቸርኬዎቹ አልገባ ብለው በካርቶን ለብቻቸው ተጫኑ። (እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።) የሠሩልኝ በወጣትነታቸው ኮርሳ የተወዳደሩ አንድ ጋሼ ናቸው። መለኪያ የላቸውም። ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ይጨብጣሉ፣ ከዚያ እንደ ክራር በጥፍራቸው እየነኩ ያዳምጣሉ። የኋላው ጎማ የቀኙ ወገን ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የግራው ወፈር ያለ። «በአንድ ወገን ያሉት ግን አንድ ዜማ ካልሆኑ ገና ነው» አሉኝና አንዱን ሽቦ ሩብ ዙር አጠበቁት።

አንድ ስህተት የእኔ ነው። ይህ ሞዞ የተሠራው ለ11 ማርሽ ነው፣ የእኔ ካሴት (የኋላ ጥርሶቹ ስብስብ) 10 ነው። ባለ 1.85 ሚሊ ሜትር ቀለበት ከሥሩ ካልገባ ካሴቱ ይላወሳል። ቀለበቷ የካርቶን ማሸጊያ መስላኝ ጥያት ኖሮ አንድ ሳምንት ሙሉ እየተንቋቋሁ ነዳሁ። ያገኘኋት ከቆሻሻ ቅርጫቱ ሥር ነው።

ክብደቱ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ 1.9 ኪሎ ነው፤ በሰፈራችን ሽንኩርት ሻጭ ሚዛን መዝኜዋለሁ። ከድሮው ይከብዳል። እንጦጦን ስወጣ ታወቀኝ ብል ግን መዋሸት ነው፤ ቁርስ በልቼ የወጣሁበትና ያልበላሁበት ቀን የበለጠ ይለያያል። የታወቀኝ ስፋቱ ነው። የድሮው ቸርኬ ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ይኸኛው 18 ነው። ያው ባለ 25 ሚሊ ሜትር የላስቲክ ጎማ አሁን ስፋቱ ሲለካ 27 ሆኖ ተቀመጠ። እኔ 68 ኪሎ ነኝ፤ ነፋሱን ከ100 ወደ 80 ፒኤስአይ አወረድኩትና ኮብልስቶን ላይ እጄ መደንዘዙን ተወ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን በጎማውና በፍሬኑ መካከል ያለውን ክፍተት ለኩ፤ የእኔዋ ባለ 28 ጎማ አታስገባም።

አሁን ወደ ቅሬታው። ሞዞው የታሸገ ኩሽኔታ የለውም፣ ብትን ኳስ ነው፤ ክረምት አይወድም። መስከረም ላይ የኋላውን ስፈታው ግራሶው የቡና አተላ መስሎ ወጣ። ዘጠኝ ዘጠኝ ኳስ በየጎኑ አለው፤ ሁሉንም በጋዝ አጥቤ መለስኩ። ማጥበቁ ነው ያስለቀሰኝ፤ ትንሽ ከጠበቀ ይፈጫል፣ ትንሽ ከላላ ይወዛወዛል፣ ለዚያውም ስስ ቁልፍ ይፈልጋል። ዝናብ ላይ ደግሞ አሸዋ ከፍሬን ላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ቸርኬውን ይፍቃል። ላስቲኩ ውስጥ የተቀበሩ የአሉሚኒየም ቅንጣቶችን በመርፌ ስነቅል ያመሸሁበት ቀን አለ።

እስካሁን 4,300 ኪሎ ሜትር ሄጃለሁ። የፊተኛውን ማንም አልነካውም። ከኋላው ሰንዳፋን እንዳለፍኩ አንድ ሽቦ ተበጠሰ። ቸርኬው ትንሽ ነው የወዘወዘው፤ የፍሬኑን ማላቀቂያ ከፍቼ፣ የተበጠሰውን በጎረቤቱ ላይ ጠምጥሜ፣ ቀስ እያልኩ እየነዳሁ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ጋሼ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ቀየሩልኝ። አሁን ከኮረቻው ሥር ቱቦው ውስጥ አራት ትርፍ ሽቦ በፕላስተር ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ፤ የኋላው የቀኙ ከግራው በ2 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር በቀኙ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።